ቆሜ ሳለሁ የመኪናዬ ኤሲ አይቀዘቅዝም፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምነዳው የ2005 ሞዴል ቪትዝ ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ መንገዱ ክፍት ከሆነ ኤሲው ጥሩ ይቀዘቅዛል። ሜክሲኮ አካባቢ መጨናነቅ ውስጥ ስገባ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ለብ ያለ አየር ይነፋል። ትናንት አየር መውጫው ላይ ቴርሞሜትር ሰክቼ ለካሁት፤ ስነዳ 9 ዲግሪ፣ ቆሜ 19። አብራኝ የምትሄደው እናቴ አስም ስላለባት በዚያ ጭስና አቧራ መስኮት መክፈት አልችልም፤ የጨነቀኝም ለዚህ ነው።

ጋራዥ ወስጄ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ የኤሲ ጋዝ ተሞላልኝ። ግፊቱን በጌጅ ያየልኝ የለም፤ በዚያው ቀን እንኳ ለውጥ አላየሁም። ዝግ ሲስተም ካላፈሰሰ ጋዙ የት ይሄዳል ብዬ ስጠይቅ «በየጊዜው ይሞላል» ተባልኩ። ይሄ አልተዋጠልኝም።

ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ) ቀጭ ብሎ ይይዛል። የካቢን ፊልትሮውንም ቀይሬያለሁ። ከሁሉ የገረመኝ፣ መኪናዋ ቆማ እየሠራች ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው ክፍል) ላይ ውሃ ሳፈስበት ወዲያው ቀዘቀዘ! የኮንደንሰሩ ፋን ይዞራል፤ ግን ኮንደንሰሩ ፊት ወረቀት ስይዝ ስቦ አያስቀረውም፣ ተንሸራቶ ይወድቃል።

የፋኑ ሞተር ደክሞ ይሆን? ወይስ ሁለቴ ሲሞላ ጋዙ ከልክ አልፎ? አዲስ ፋን ከመግዛቴ በፊት ሪሌውን (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) እና ገመዱን በቴስተር እንዴት ልፈትሽ? ያጋጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ቅዳሜ እናቴን ሐኪም ጋ ማድረስ አለብኝ።