ሃሞኬ ሌሊት መሬት ይነካል፤ ማሰሪያውን ምን ላድርገው?

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘመድ ከውጭ የላከልኝ ሃሞክ (በሁለት ዛፍ መካከል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) አለ። ጨርቁ ስስ ናይለን ነው፤ ርዝመቱ 3.3 ሜትር። ከሱ ጋር የመጣው ማሰሪያ ሁለት ቀጫጭን ገመድ ብቻ ነው። በሚመጣው ወር ከአክስቴ ልጆች ጋር ሐይቅ ሄደን አንድ ሌሊት ለማደር አስበናል።

እስከዚያ ብዬ ጊቢያችን ባሉት ሁለት ባሕር ዛፎች ላይ ሞከርኩት። እንዳይረግብ ከወንድሜ ጋር ሆነን በደንብ ወጥረን ሰቀልነው። ስተኛበት የጨርቁ ጠርዝ ትከሻዬን ይጨምቀኛል። ቆየት ሲል ደግሞ ገመዱ ይለጠጥና ወገቤ መሬት ይነካል። የዛፉንም ቅርፊት ቆርጦ ገብቷል።

ምን ዓይነት ማሰሪያ ይሻላል? ከፍታውና ርቀቱስ? ደሴ ውስጥ የካምፕ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም፤ እዚሁ በሚገኝ ነገር የሚሆን ካለ ንገሩኝ። ክብደቴ 60 ኪሎ ነው።

ውሃ ልክ

እህቴ፣ ችግሩ ከገመዱ ይልቅ ውጠራው ላይ ነው። ሃሞክ የሚሰቀለው ረገብ ተደርጎ ነው። እናንተ የሰቀላችሁት እንደ ልብስ ማስጫ ነው።

ግንበኛ ነኝ፣ በቁጥር ልንገርሽ። ማሰሪያው ከዛፉ ወደ ሃሞኩ ሲወርድ ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ካዘቀዘቀ፣ አንቺ 60 ኪሎ ስትሆኚ እያንዳንዱ ማሰሪያ የሚሸከመው 60 ኪሎ ነው። 10 ዲግሪ ብቻ ካዘቀዘቀ በእያንዳንዱ ላይ ወደ 173 ኪሎ ይመጣል። 5 ዲግሪ ሲሆን ከ340 ኪሎ ያልፋል። ክብደትሽ ያው ነው፤ የጨመረው ውጠራው ያመጣው ጉልበት ነው። ገመዱ የተለጠጠውም፣ ቅርፊቱ የተቆረጠውም በዚህ ነው።

30 ዲግሪን ለመለካት ስልክሽ ላይ የውሃ ልክ መተግበሪያ አለ። ከሌለው ማውረድ ትችያለሽ። ሰው ተኝቶበት ሳለ ስልኩን በማሰሪያው ጎን አስጠግተሽ አንብቢ። ስልክ ባይኖርም በ1 ሜትር አግድም 58 ሳ.ሜ ያህል ዝቅ ካለ ልክ ነው። 25 ወይም 35 ቢሆን ማንም አይሞትም።

የሐረጎ ሹፌር

ውሃ ልክ ጨረሰው። እኔ ስለ ዕቃው ልናገር። ሱቅ ለሱቅ አትዙሪ፤ መልሱ መኪና ላይ ነው። ጭነት የምናስርበትን ጠፍጣፋ ቀበቶ አይተሽዋል፣ 5 ሳ.ሜ ስፋት ያለውን። ኮምቦልቻ ጋራዥ አካባቢ ወይም የመኪና ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጡ ዘንድ ጠይቂ። 2.5 ሳ.ሜውም ለአንቺ ይበቃል፤ ዛፉን ለማዳን ግን ሰፊው ይመረጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ቀበቶው ላይ የተሰፋች ትንሽ መለያ አለች። ቀለሟ ሰማያዊ ከሆነ ፖሊስተር ነው፤ እሱን ያዢ። አረንጓዴ ከሆነ ናይለን ነው፣ ይለጠጣል። ቡኒው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይሠራል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ይጎዳዋል። መለያው ተቆርጦ ከወደቀ ምን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፣ ተይው። አሮጌ ከሆነ ዳር ዳሩን በጣትሽ እየዳሰስሽ ሂጂ። የተበላ፣ የደረቀ ወይም ግራሶ የጠጣ ካለበት አይሆንም።

ማጥበቂያ ብረቱን ደግሞ ቤት ተይው! እሱ የተሠራው ጭነት ቀጥ አድርጎ ለመወጠር ነው። ለሃሞክ ከተጠቀምሽበት ውሃ ልክ ያለው 340 ኪሎ ዘንድ በሁለት ክርክር ትደርሻለሽ።

ናይለን ነኝ

ይህ ሁሉ ለምን? ወፍራም የናይለን ገመድ ከገበያ ገዝታ እጥፍ አድርጋ ብታስርስ? እኛ በሬ የምናስርበት እኮ ነው።

የጎፍ

ወንድሜ፣ በሬውም ገመዱን ሲስበው ይለጠጣል፤ ግን በሬው አይተኛበትም። ናይለን ይለጠጣል፣ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። እጥፍ ብታደርገው ጥንካሬው ይጨምራል፣ መለጠጡ ግን አይጠፋም። ክብ ገመድ ቀጭን ስለሆነ ዛፉንም ይቆርጣል። ቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ሽፋን ነው ዛፉ ምግብ የሚያሳልፍበት፤ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይደርቃል። የሰው ዛፍ ላይ ደግሞ ነገር ያመጣል።

የሆጤ ልጅ፣ ስለ ዛፉ ጥቂት ልበልሽ። እዚህ ደሴ ዙሪያ ያለው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ለአጠና የሚቆረጥና ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ነው። ቀጭን ነው፤ ስትተኚበት ጎንበስ ይላል፣ ማሰሪያሽም ረገበ ትያለሽ። እርስ በርሱም በጣም ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው። ግንዱ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ ውፍረት ያለውን ፈልጊ፤ መሃል ያሉትን ዘለሽ በ4 እና በ4.5 ሜትር መካከል የተራራቁትን ምረጪ። ጥድ ካገኘሽ ይበልጥ ደስ ይላል፣ ቅርፊቱ ማሰሪያ ይይዛል።

ከዚያ ቀና ብለሽ እዪ። ደረቅ ቅርንጫፍ ከላይ ካንጠለጠለ ሌላ ቦታ። ባሕር ዛፍ ነፋስ ባይኖርም ቅርንጫፍ ይጥላል።

ሐይቅ ስትሄዱ ባለ መሬቱን አስፈቅዱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፍ ላይ ማሰብም የለም።

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ። የሹፌሩን ምክር ሰምቼ ሰማያዊ መለያ ያለው ቀበቶ ኮምቦልቻ የሚሠራው አጎቴ ሊፈልግልኝ ነው። አሁን የቸገረኝ አተሳሰሩ ነው። ካራባይነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) የለኝም። ቁልፍ መያዣ የምትመስለዋ ትሠራለች? ከፍታውንስ ማን ያሰላልኛል?

ውሃ ልክ

የቁልፍ መያዣዋ ለቁልፍ ናት። ሰው የሚሸከም ካራባይነር ላይ ስንት ኪሎ ኒውተን (የጉልበት መለኪያ ነው) እንደሚችል ተቀርጾበታል። ካልተቀረጸ ጌጥ ነው በይው።

ከፍታው እንዲህ ይሄዳል። ሃሞክሽ 3.3 ሜትር ነው። በደንብ ረግቦ ሲሰቀል ከራስጌ እስከ ግርጌ ያለው ቀጥታ ርቀት የርዝመቱ 83 ከመቶ ያህል ይሆናል፣ ማለትም 2.75 ሜትር አካባቢ። ያኔ መሃሉ ከሁለቱ ጫፎች ወደ 90 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል። ዛፎቹ 4.5 ሜትር ቢራራቁ በየጎኑ 87 ሳ.ሜ ይተርፋል፤ በ30 ዲግሪ ያ 50 ሳ.ሜ መውረድ ነው። መቀመጫሽ ከመሬት 45 ሳ.ሜ እንዲሆን እንፈልጋለን፣ የወንበር ቁመት። ሦስቱን ደምሪ፤ 1 ሜትር ከ85። ረጅም ሰው ራስ አካባቢ ማለት ነው። ዛፎቹ 4 ሜትር ከሆኑ 1 ሜትር ከ71 ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ማሰሪያው ያን ያህል ከፍ ይላል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በየቦታው ይህን ማስላት ካስጠላሽ፣ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ 2.75 ሜትር ቆርጠሽ ከራስጌው ቀለበት እስከ ግርጌው ቀለበት ከሃሞኩ በላይ እሰሪው። እንግዲህ ዛፉ ቢርቅም ቢቀርብም የሃሞኩ ሆድ ሁሌም ያው ነው። ተኝተሽበት ገመዱን በሁለት ጣት ስትጫኚው ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። እንደ ብረት ከደረቀ ማሰሪያውን አርግቢ።

የጎፍ

አተሳሰሩን ለኔ ተዪው። ካራባይነርም አያስፈልግሽም።

ዛፉ በኩል፦ የቀበቶውን አንድ ጫፍ እጥፍ አድርጊ። እጥፉን እንደ አንድ ገመድ ቆጥረሽ ተራ ቋጠሮ ቋጥሪበት፣ እጅ የሚያሳልፍ ጆሮ ይተርፍሻል። ከቋጠሮው የሚተርፈው ጭራ ከ10 ሳ.ሜ አይነስ። ቀበቶውን በዛፉ ዙሪያ አዙሪና ሌላውን ጫፍ በጆሮው ውስጥ አሳልፈሽ ሳቢ። ሸምቀቆ ሆኖ ዛፉን ይይዛል። ቀበቶው ሳይጠማዘዝ ጠፍ ብሎ ይረፍ።

ሃሞኩ በኩል፦ ጣት የሚያህል ደረቅ የወይራ እንጨት አዘጋጂ፣ የመዳፍሽ ርዝመት ያህል። ቀበቶውን አንዴ ጠምዝዘሽ ክብ ሥሪ። ከክቡ ጀርባ የሚያልፈውን ቀበቶ በክቡ ውስጥ ትንሽ ሳቢው፣ ጆሮ ይወጣል። እንጨቱን እዚያ ጆሮ ውስጥ ሰክተሽ አጥብቂ። ከዚያ የሃሞኩን ቀለበት በእንጨቱ ላይ አሳልፈሽ ከቋጠሮው ኋላ፣ በዛፉ በኩል አሳርፊው። ጭነቱ ያለው ቋጠሮው ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ መሆን የለበትም፤ ቀለበቱ እንጨቱን ይዞ ከቀረ እንጨቱ ይሰበራል። ከፍ ዝቅ ለማድረግ እንጨቱን መዝዘሽ ሁለት ጣት አለፍ ብለሽ እንደገና መሥራት ነው። መጀመሪያ ላይ ይምታታል፣ አብሽሪ፤ ቤት ውስጥ በር እጀታ ላይ ተለማመጂው።

ባለ ጊቢ

ልጠይቅበት። እኔ ጊቢ ውስጥ አንድ ዛፍ ብቻ ነው ያለኝ። ሌላኛውን ጫፍ ብሎኬት የአጥር ቋሚ ላይ ባስረውስ?

ውሃ ልክ

አይሆንም። በፍጹም። የአጥር ቋሚ የሚሠራው ወደ ታች እንዲሸከም ነው፤ ሃሞክ ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚስበው። በውስጡ ምን ያህል ብረት እንዳለ ከውጭ አታይም፣ የገነባው ሰው ራሱ ላይነግርህ ይችላል። ሲወድቅ የሚወድቀው የተኛው ሰው ላይ ነው። በዚህ መንገድ ሰው የሞተባቸው አገሮች አሉ። የመብራት ምሰሶም እንደዚሁ፣ አንድ ጋሼ ሊመክርህ ይችላልና አትስማው።

እማማ ጋቢ

ልጄ፣ እነዚህ ወንዶች ስለ ዲግሪ ሲያወሩ ዋሉ፣ ስለ ብርድ የነገረሽ የለም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቷን ታውቂያታለሽ። ሐይቅ ዝቅ ቢልም የውሃ ዳር ነው። ሃሞክ ላይ ብርድ የሚገባው ከስር ነው፤ የተኛሽበት ብርድ ልብስ በክብደትሽ ይጨፈለቅና ሙቀት አይዝም። ስለዚህ የስፖርት ምንጣፍ ወይም ስስ ስፖንጅ ጀርባሽ ስር አድርጊ። ወፍራም ጋቢ ካለሽ ከሃሞኩ ውጭ፣ ከስሩ አስጠግተሽ በሲባጎ ብታንጠለጥዪው ደግሞ የበለጠ ይሞቃል።

አጎበር አትርሺ። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ አለ። ውሃ ልክ ያላትን የላይኛዋን ገመድ እዚያ ላይ ተጠቀሚባት፤ አጎበሩን በሷ ላይ አልብሺው።

እንደ ሙዝ ተጣጥፈሽም አትተኚ። ረግቦ ከተሰቀለ በኋላ እግርሽን ወደ አንዱ ጎን፣ ራስሽን ወደ ሌላው ጎን አድርገሽ በሰያፍ ሸርተት በይ፤ ጀርባሽ ቀጥ ይላል፣ ትከሻሽንም የሚጨምቅሽ ነገር የለም።

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)

እማማ፣ ክበሩልኝ! ቀበቶው መጥቷል። ጊቢ ያሉትን ባሕር ዛፎች ትቼ ጎረቤት ካለው ጥድ ወደ እኛ ዋንዛ ሰቀልነው፣ 4.2 ሜትር ነው። ስልኩ 31 ዲግሪ አለ። ትከሻ መጨመቁ ጠፍቷል፣ መሬትም አልነካም። የወይራ እንጨቷ ግን የምር ታስቃለች፤ ወንድሜ እስካሁን አላመናትም።

አንድ የቀረኝ፦ ዝናብ ቢመጣ ሸራ ከላይ እንዘረጋለን። ውሃው በማሰሪያው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሃሞኩ አይገባም?

የሐረጎ ሹፌር

ይገባል። በየማሰሪያው ላይ፣ ሃሞኩ ሳይደርስ፣ በሸራው ጥላ ስር፣ አንድ ስንዝር የጥጥ ክር እሰሪና ወደ ታች ይንጠልጠል። ውሃው ክሩን ተከትሎ መሬት ይወርዳል። የጫማ ማሰሪያ ቁራጭም ይሆናል።

ወንድምሽን በይው፣ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ይሞክረው፣ ዘሎ አይግባበት። ስትመለሱም ቀበቶውን አድርቃችሁ አስቀምጡት።