«መረጃ» እና «ዘውድ ወይስ ጎፈር»

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው የሚማረው። ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን «ኢንፎርሜሽን ቲዎሪ በአማርኛ ምንድን ነው?» አለኝ። «የመረጃ ንድፈ ሐሳብ» አልኩት። «ትርጉሙ የማይቆጠር መረጃ አለ እንዴ?» ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጁ እውነቱን ነው። «መረጃ» የመጣው «ተረዳ» ከሚለው ግስ ነው። መረጃ የምንረዳበት፣ ማስረጃ የምናስረዳበት። ቃሉ ሆድ ውስጥ መረዳት አለ። የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ትርጉምን ወደ ጎን ተወው፤ ለመሐንዲሱ ሥራ አያስፈልግም አለ። የለካው መልእክቱ ከመድረሱ በፊት የነበረውን አለማወቅ ነው።

ለዚህ እኛ ምሳሌ አናጣም፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር! ሳንቲሙ አየር ላይ ሳለ ሁለቱም እኩል ናቸው። ወድቆ «ጎፈር!» ሲባል ያገኘነው ልክ 1 ቢት ነው፤ ቢት ማለት የሻነን የመረጃ መለኪያ ነው። («ቢት» የሚለውን ስም ያወጣው የሒሳብ ሊቁ ጆን ቱኪ መሆኑን ሻነን ራሱ ጽፏል።) «ፋሲል ግንብ ያለው ጎንደር ነው» ብትለኝ ግን ለእኔ ዜሮ ነው። ድሮም አውቀዋለሁ።

ሻነን በዚህ በሁለት ምርጫ ነገር የተያዘው ገና በተማሪነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፉ የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሰርኪዩቶችን መክፈትና መዝጋት በ0 እና በ1 ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በጣም የምወድለት ሥራው ይሄ ነው። ከዚያ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም የሆነው ቤል ላቦራቶሪ ገባ፤ የ1948ቱንም እዚያ ሆኖ ጻፈው።

ሌላ ጠያቂ፦ በመልእክት ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ያለውን፣ «ሪደንደንሲ»ንስ? «ድግግሞሽ» አንበለው?

መልስ፦ «ድግግሞሽ»ን ፍሪኩዌንሲ ይዞታል። እኔ «ትርፍ» እላለሁ። ባጃጅ «ትርፍ ጫነ» እንደምንለው፣ ከሚበቃው በላይ የተጫነ። ነጋዴው ቅር እንዳይለው እንጂ ቃሉ ይስማማል።

ባለፈው አጎቴ ደውሎ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «አ…ዞ ነኝ» አለኝ። አዘዞ መሆኑ አልጠፋኝም። የጎደለችው ፊደል ትርፍ ነበረች። የበጉን ዋጋ ሲነግረኝ ግን «…ሺህ» ብቻ ተሰማኝ። አስር ይሁን አስራ አምስት በምን ልወቅ? እዚያ ላይ ትርፍ የለም። ሦስቴ አስደገምኩት፤ ትርፉን እኛው ጨመርንበት።