ልጄ ስለ «ፍሬንች ኤንድ ኢንዲያን ዋር» ጠየቀኝ፣ እርዱኝ

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታሪክ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ያለነው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት «ፍሬንች ኤንድ ኢንዲያን ዋር» የሚባል ጦርነት እየተማረ ነው። ስሙን ስሰማ ፈረንሳይና ህንድ የተዋጉ መሰለኝና እሱንም እንደዛው ብዬ አስረዳሁት። በማግስቱ ኩርፍ ብሎ መጣ። «እማዬ፣ ህንድ አገር እኮ አይደለም። ፈረንሳይና ኢንዲያኖች፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ማለት ነው፣ አንድ ላይ ሆነው ነው እንግሊዝን የወጉት» አለኝ። ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ መጽሐፉን አብሬው ሳነብ የባሰ ግራ ገባኝ። ካርታው ላይ የፈረንሳይ ሰማያዊ ነው፣ የእንግሊዝ ቀይ ነው። ባለአገሮቹ ግን ቀለም የላቸውም። እነሱ ታዲያ ምን አገባቸውና ገቡበት? ደግሞስ ለምን ለፈረንሳይ? ሌላው፣ የሰባት ዓመት ጦርነት ይለዋል፣ ከ1754 እስከ 1763 ስቆጥረው ግን ዘጠኝ ይመጣል። ሐሙስ ክፍል ፊት ቆሞ ያቀርባል። ዳግመኛ እንዳላሳስተው ፈራሁ።

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ፣ ስሙ ራሱ ነው የሚያሳስተው። ያወጡት እንግሊዝ ሰፋሪዎች ናቸው። «ከማን ጋር ተዋጋን?» ሲባል «ከፈረንሳይና ከኢንዲያኖች» ለማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።)

ጠቡ የኦሃዮ ወንዝ ሸለቆ ላይ ነው። ፈረንሳይ ካናዳንና ሉዊዚያናን በወንዝ ለማገናኘት ፈለገችው። እንግሊዞቹ ደግሞ ለእርሻ፣ መሬቱን ሸንሽኖ ለመሸጥም ጭምር። ካናዳ የነበሩት ፈረንሳዮች 100 ሺህ አይሞሉም፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሕዝብ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ፈረንሳዩ በብዛት የሚመጣው ቢቨር የሚባለውን እንስሳ ቆዳ ሊገዛ ነው። ባሩድና ጨርቅ ሰጥቶ፣ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል። እንግሊዙ ጫካውን መንጥሮ፣ አጥር አጥሮ፣ ቤተሰቡን አምጥቶ ይቀመጣል። አንቺ ባለመሬቷ ብትሆኚ ከማን ጋር ትወግኚ ነበር?

ይሄን ደግሞ ለልጁ ንገሪው። በ1737 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የመሥራቿ የዊሊያም ፔን ልጆች የድሮ ውል ነው ብለው ዴላዌር ለሚባሉት ሕዝቦች ወረቀት አወጡባቸው። ሰው በአንድ ቀን ተኩል በእግሩ የሚሄደውን ያህል መሬት የእኛ ነው የሚል። ዴላዌሮቹ ሰው እንደሚሄደው የሚኬድ መሰላቸው። እነዚያ ግን አስቀድመው መንገድ አስመነጠሩ፣ ሦስት ፈጣን ሰዎች ቀጠሩ፣ አንደኛው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገሰገሰ። መሬቱ በዚያው ሄደ። ከዚያ ተገፍተው ኦሃዮ የገቡ ሰዎች እንግሊዝ ተከትሏቸው ሲመጣ ምን እንደሚሰማቸው አስቢው።

ባለአገሮቹ ሁሉም ግን ለፈረንሳይ አልተሰለፉም፤ ሞሃውክ የሚባሉት ከእንግሊዝ ጋር ነበሩ። የዓመቱ ነገር ቀላል ነው። አሜሪካ ላይ ተኩሱ በ1754 ተጀመረ፣ አውሮፓ ላይ ጦርነቱ የታወጀው በ1756 ነው። ሰባቱ ከዚያ ይቆጠራል። ህንድ ያልሽውም ቢሆን ጨርሶ አልሳትሽም። ሁለቱ መንግሥታት በዚያው ጦርነት ህንድ አገርም ተዋግተዋል።

ሹፌሩ፦
አሌክሳንድሪያ ከሆንሽማ ታሪኩ ደጅሽ ላይ ነው። ብራዶክ ሮድ የሚባለውን የባቡር ጣቢያ ታውቂው የለ? ብራዶክ የእንግሊዙ ጄኔራል ነው። በኤፕሪል 1755 አምስት የቅኝ ግዛት ገዥዎችን ሰብስቦ የመከረው እዛው ከተማሽ፣ ካርላይል ሀውስ ውስጥ ነው። ቤቱ ዛሬም አለ፣ ልጁን ውሰጂው።

ከዚያ ወደ ፈረንሳዮቹ ምሽግ ወደ ፎርት ዱኬን፣ ወደ ዛሬው ፒትስበርግ ማለት ነው፣ ዘመተ። ጁላይ 9 ቀን፣ ምሽጉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ፈረንሳዮቹና ባለአገሮቹ ጫካ ውስጥ ሆነው መቱት። ከ1,300 በላይ ሰው ይዞ ገብቶ ወደ 900 የሚሆነው ሞተ ወይ ቆሰለ። እሱም በአራተኛው ቀን አለፈ። መንገዱ መሃል ላይ ቀበሩትና መቃብሩ እንዳይታወቅ ጦሩን በላዩ ላይ አስኬዱት። መንገድ 40 ላይ መታሰቢያው አለ፣ መኪናዬን አቁሜ አይቼዋለሁ።

እዚያው አቅራቢያ ፎርት ኔሰሲቲ አለ። ትልቅ ምሽግ ጠብቄ ነበር። ሜዳ መሃል የቆመ ክብ የእንጨት አጥር ነው፣ ወርዱ 16 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ያኔ ለእንግሊዝ ሲዋጋ በ22 ዓመቱ ለፈረንሳዮች እጁን የሰጠው እዚያ ነው፣ ጁላይ 3 ቀን 1754። ቀኑን ሙሉ ዝናብ፣ ባሩዱ ርሶ፣ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ። ማታ የመጣለት ወረቀት በፈረንሳይኛ ነው፣ እሱ ደግሞ አይችልም። ወረቀቱ ከሳምንታት በፊት የተገደለውን ጁሞንቪል የተባለ የፈረንሳይ መኮንን «በግፍ አስገድለኸዋል» ይላል። ተርጓሚው ዝም ብሎ «ሞት» ብሎ ነበር የነገረኝ ብሏል ኋላ። ፈረመ። እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ነው ያስታወስኩት፤ አማርኛው ሌላ፣ ጣልያንኛው ሌላ።

ከሞንትሪያል፦
እኛ ጋ ኩቤኮች በዚያ ስም አይጠሩትም። «የወረራው ጦርነት» ነው የሚሉት። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759 ኩቤክ ከተማ ደጃፍ ላይ ዋናው ውጊያ አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ ግን የሁለቱንም ወገን አዛዦች በላ። እንግሊዙ ዎልፍ እዚያው ሞተ፣ ፈረንሳዩ ሞንካልም በማግስቱ። በ1763 ፓሪስ ላይ ሲዋዋሉ ፈረንሳይ ካናዳን ሰጥታ ካሪቢያን ያለችውን ጓዴሉፕን አስመለሰች። ደሴቷ ስኳር ታወጣለች፣ ስኳሩን የሚያመርቱት ደግሞ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ይሄን ልጁ ቢጨምርበት ደስ ይለኛል፤ የኛም ልጆች ሊያውቁት ይገባል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ባለመሬቶቹ መጨረሻቸው ምን ሆነ?

ታሪክ ወዳድ፦
በ1758 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኢስተን በምትባል ከተማ እንግሊዞች ከአፓላቺያን ተራራ ወዲያ አንሰፍርም ብለው ቃል ገቡላቸው። ባለአገሮቹ ፈረንሳይን ተዉ። ፈረንሳይ ብቻዋን ስትቀር በዚያው ዓመት ፎርት ዱኬንን አቃጥላ ወጣች። እንግሊዞቹ ግን አመዱ አጠገብ ከበፊቱ የሚበልጥ ምሽግ ሠሩ። ፓሪስ ላይ ውሉ ሲፈረም ከባለመሬቶቹ አንድም ሰው አልተጠራም፣ መሬታቸው ግን ተሰጠ። በ1763 ፖንቲያክ የሚባለው የባለአገሮቹ መሪ እንግሊዝ ላይ የተነሳው ያኔ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሰፋሪ ከአፓላቺያን ተራራ እንዳያልፍ አወጀ፣ ሰፋሪዎቹ አኮረፉ። የጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል ግብር ሲጣልባቸውማ ባሰ። የ1776ቱ የአሜሪካ ነፃነት ነገር ከዚህ ይመጣል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ልጄ ካርታው ላይ ባዶ የተተወው ቦታ ላይ ስማቸውን እጽፋለሁ ብሎ ተቀምጧል። ኢሮኳ የሚባሉት ስድስት ሕዝቦች ናቸው አሉ፣ እነማን ናቸው?

ታሪክ ወዳድ፦
ሞሃውክ፣ ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋ፣ ሴኔካ፣ ቱስካሮራ። ኒውዮርክና ካናዳ ውስጥ ዛሬም አሉ። ኦሃዮ ላይ ደግሞ ሸዋኒንና ዴላዌርን ይጻፍ።