ቨርጂኒያ እየኖርኩ ዲሲ ብሠራ የስቴት ታክስ የማስገባው ለማን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ጁን 2024 ዳላስ ነበርን፤ ከዚያ ከባለቤቴ ጋር ወደ አሌክሳንድሪያ መጣን። እኔ ዲሲ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ፣ እሱ ኡበር ይነዳል። ደብሊው ቱዬ (አሠሪዬ የሰጠኝ የዓመቱ የደሞዝና የታክስ ወረቀት) ላይ ቦክስ 15፣ የስቴቱ ቦታ፣ ዲሲ ይላል፣ ቦክስ 17 ላይ ደግሞ የተቆረጠ የስቴት ታክስ አለ። ለቨርጂኒያ አንድም አልተቆረጠም። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ፌደራሉን ካስገባሽ ይበቃል» ትለኛለች፣ ሌላው «ለዲሲ ነው የተቆረጠብሽ፣ ለዲሲ አስገቢ» ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፣ ታክስ ሠሪው፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚ። ዲሲ ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው ደሞዝ ታክስ እንዳታደርግ ኮንግረስ በ1973 ባወጣው የሆም ሩል (የዲሲ ራስ አስተዳደር) ሕግ ተከልክላለች። የምታስገቡት ለምትኖሩበት ለቨርጂኒያ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስላልኖራችሁባት ተራው ፎርም 760 ሳይሆን 760ፒዋይ ይሞላል። ዳላስ እያላችሁ ያገኛችሁትን ደሞዝ ቨርጂኒያ ታክስ አታደርገውም፣ ቴክሳስም የገቢ ታክስ የላትም። ዲሲ የቆረጠችውን በዲ-40ቢ ፎርም፣ ደብሊው ቱሽን አያይዘሽ ታስመልሻለሽ።

መልስ፣ የአርሊንግተኑ፦ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ለዲሲ የተቆረጠውን ለቨርጂኒያ እንደተከፈለ ቆጥሮ ማቀናነስ አይቻልም። የቨርጂኒያ ቀን ሜይ 1 ነው፣ የዲሲው ሪፈንድ እስኪመጣ አትጠብቅሽም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከኪስ ይከፈላል። ፎርሙን ለማስገባት ሳትጠየቅ ስድስት ወር ትሰጣለች፣ ግን ቢያንስ 90 በመቶው ታክስ እስከ ሜይ 1 መግባት አለበት። አሁኑኑ ለፔይሮል (ደሞዝ ለሚሠራው ክፍል) ዲ-4ኤ፣ ማለትም የዲሲ ነዋሪ እንዳልሆንሽ የሚገልጸውን፣ እና ቪኤ-4፣ ማለትም ለቨርጂኒያ እንዲቆረጥ የሚሞላውን፣ ሞልተሽ ስጪ፤ ካልሆነ በሚቀጥለውም ዓመት ያው ጣጣ ነው። ባለቤትሽ ላይ የሚቆርጥ አሠሪ ስለሌለ ግን እሱ በየሩብ ዓመቱ ራሱ እየገመተ ይክፈል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ግን ገቢያችን ይህን ያህል አይደለም። ግዴታ አለብን?

መልስ፣ ታክስ ሠሪው፦ ለ2024 በቨርጂኒያ ማስገባት ግዴታ የሚሆነው የዓመቱ ገቢ ለነጠላ 11,950 ዶላር፣ ለባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ 23,900 ዶላር ሲደርስ ነው። የኡበሩም ትርፍ ይደመራል፣ ማይሉና ሌላው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በታች ብትሆኑም የዲሲውን ብር እንዳትተዉት።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ኤልክተን፣ የምሠራው ዴላዌር ነው። እኔስ?

መልስ፣ የአርሊንግተኑ፦ ያንተ ይለያል ወንድሜ። ሜሪላንድ የደሞዝ ታክስ ለሚኖሩበት ብቻ እንዲገባ ስምምነት ያላት ከዲሲ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከዌስት ቨርጂኒያና ከፔንሲልቬኒያ ጋር ነው፤ ዴላዌር የለችበትም። ለዴላዌር እንደ ነዋሪ ያልሆነ፣ ለሜሪላንድ እንደ ነዋሪ ታስገባለህ፤ ለዴላዌር ለከፈልከው ሜሪላንድ ክሬዲት ትሰጥሃለች፣ ማለትም ከሜሪላንድ ታክስህ ላይ ትቀንስልሃለች።

መልስ፣ እናት ዓለም፦ ለእህታችን፣ ቪታ የሚባሉት፣ በጎ ፈቃደኞች ታክስ የሚሞሉባቸው ቦታዎች፣ በነጻ ይሠራሉ። ኡበር ያለበትን ግን ሁሉም አይቀበልም፣ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።