ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ለዓመታት የተከታተላችሁ፣ ለቤተሰብ እንዴት አስረዳችሁ?

የሰነድ ልጅ፦
የታሪክ ተመራማሪ ነኝ። ውሎዬ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። የምሠራውም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የተረፉ ሰዎች በሰጡት ቃል ላይ ነው። ድባቴ ይዞኝ አንድ አንቀጽ አንብቤ መጨረስ እስኪያቅተኝ ደርሼ ነበር። መድኃኒት ተጀመረልኝና ከሳምንታት በኋላ እንቅልፌም የምግብ ፍላጎቴም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ሳይኮሎጂስት ጋ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ዓመታት ሆነኝ።

እናቴ "ከዳንሽ ለምን ትሄጃለሽ? ካልዳንሽስ ለምን ትከፍያለሽ?" ትለኛለች። ክፉ አስባ አይደለም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ይዛኝ የወጣችው፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስንት ሌሊት ያነጋችው እሷ ናት። ምን ብዬ ላስረዳት?

ልደታ፦
እህቴ፣ እኔ ሊፍት መግባት እፈራ ነበር። ቴራፒ ገብቼ፣ በየጊዜው የምለማመደው የቤት ሥራ እየተሰጠኝ ሦስት ወር ሳይሞላ ጨረስኩ። ያንቺ ለምን ይህን ያህል ረዘመ?

የሰነድ ልጅ፦
ያንተ ፍርሃት የቱ ጋ እንዳለ ይታወቃል፤ የኔ አይታወቅም ነበር። አባቴ በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር፣ ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀረ። እናቴ እንዳታለቅስ ተከልክላለች፤ ለቅሶ አልተቀመጠችም። እኔ የሌላውን ቤት ሐዘን ሰነድ ሳገላብጥ ስኖር ስለ እኛ ቤት አንድ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ሳይኮሎጂስቷ ፊት ስሙን ለመጥራት እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። የዕድሜ ባለጸጋ ምስክር ስናነጋግር የመጀመሪያውን ቃል ይዘን አንሄድም፤ ደጋግመን እንመለሳለን፣ መጀመሪያ የተዘለለው ኋላ ይወጣል። ራሴንም የማዳምጠው እንደዚያ ነው። ለእናቴ ይህን ማስረዳት ደግሞ አባቴን ማንሳት ነው። የጨነቀኝ እሱ ነው።

ነርስ ነኝ፦
የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። በእናትሽ አትፍረጂ። በእሳቸው ዘመን በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነው፤ "አማኑኤል ገባ" ከተባለ ሰውዬው አለቀለት ማለት ነበር። ሳይካትሪስት አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በ1995 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ በመነጋገር ሲታከም የት አይተው? ድባቴ ተመልሶ ሊመጣ የሚችል ሕመም መሆኑን፣ ክትትሉም ለዚያ መሆኑን ንገሪያቸው፤ ለጊዜው ይበቃል። ጸበሉንም አትከልክያቸው፤ ብቻ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር እንዳታቋርጪ። የአባትሽን ነገር ግን ክፍያውን ለማስረዳት ብለሽ አታንሺው፤ መጀመሪያ ከሳይኮሎጂስትሽ ጋር ተማከሪ።

የጉለሌው፦
የኔም አባት በዚያው ዘመን ነው የቀሩት። እናቴን ስለ አሟሟታቸው ስጠይቅ ዝም ነው መልሷ። ስለ ሠርጋቸው ስጠይቃት ግን ፎቶውን ከሳጥን አውጥታ፣ ሚዜዎቹን በየስማቸው እየጠራች እስኪመሽ አወራችኝ። አንቺ በሙያሽ ከኔ የበለጠ ታውቂበታለሽ፤ ብቻ መቅረጫ ይዘሽ እንዳትቀርቢ።