ሳይንስ ፈጣሪ መኖሩን ማረጋገጥ ወይም አለመኖሩን ማሳየት ይችላል? ለተማሪዎች እንዴት ላስረዳ?

መምህር ከደሴ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በ12ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ከላይ በተጻፈው ርዕስ ውይይት ይዘናል። ከልጆቹ ገሚሱ ሙስሊም፣ ገሚሱ ክርስቲያን ነው፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ በግልጽ «አናምንም» ይላሉ። ማንንም ሳላስቀይም፣ ነገሩንም ሳላድበሰብስ ማስረዳት እፈልጋለሁ። የቸገሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። «ቢግ ባንግ ዓለም ፈጣሪ እንዳለው አረጋግጧል» ለሚሉት ምን ልመልስ? ጸሎትና ዱዓስ በሙከራ ተፈትኖ ያውቃል? «ምህላ ተያዘ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ዝናቡም መጣ» የሚለውስ ማስረጃ ይሆናል? ያለኝ ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ቦርከና፦
መምህር፣ እንዲህ ያለ ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው «ማረጋገጥ» በሚለው ቃል ስለሆነ ከዚያ ይጀምሩ። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑ በሒሳብ ይረጋገጣል፤ አንዴ ከተረጋገጠ አለቀ። ሳይንስ ይህ ዓይነት ማረጋገጫ የለውም። የሚሠራው «ይህ እውነት ከሆነ ይህን እናያለን፣ ያንን ግን አናይም» ብሎ አስቀድሞ በመናገርና ከዚያ ሄዶ በማየት ነው። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ያሰመረበት ነጥብ ይኸው ነው፦ አንድ አባባል ሳይንሳዊ የሚሆነው ቢሳሳት ስሕተቱ የሚታወቅበት መንገድ ሲኖረው ነው።

ምሳሌውን ከቅርብ ይውሰዱ። ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ ታይታለች። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ጥላው የሚያልፍበት መስመርም ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ ነበር። ያን ጠዋት ፀሐይ ሳትጋረድ ብትቀር ኖሮ ስሌቱ በሰው ሁሉ ፊት ይወድቅ ነበር። እንግዲህ ልጆቹን ይጠይቋቸው፦ ፈጣሪ ካለ ነገ ጠዋት የማናየው ነገር ምንድን ነው? ከሌለስ? በሽተኛው ሲድንም ሲሞትም «ፈቃዱ ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት አይደለም። ግን አባባሉ መሣሪያ የሚይዘው ጫፍ የለውም። ስለዚህ «ፈጣሪ አለ» የሚለው በጥቅሉ ከሙከራ ውጭ ነው። «ፈጣሪ ይህን ነገር፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ ያደርጋል» የሚለው ግን ሊፈተን ይችላል።

ላሊበላን ካነሳን ሌላም ምሳሌ አለ። አብያተ ክርስቲያናቱን በቅርብ ያየ ሰው ግድግዳው ላይ የመሮ ጭረት ያገኛል፤ ውኃ ማፍሰሻ ቦዮቹንም ያያል። አርኪዮሎጂ ከዚህ ተነሥቶ ዐለቱ በምን መሣሪያ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተፈለፈለ ይናገራል። ሌሊት መላእክት አግዘዋል የሚለውን ትውፊት ግን አያጸድቀውም፣ አይሽረውምም፤ የመልአክ እጅ ምን ዓይነት ጭረት እንደሚተው የነገረን የለምና።

የሐይቅ ልጅ፦
የቢግ ባንጉን እኔ ልመልስ። ዓለም ከአንድ ጥግግት ያለ መነሻ ሰፍታለች የሚለውን ሐሳብ ከጀመሩት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የተባለ ቤልጂየማዊ የካቶሊክ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ዓለም መስፋት ጻፈ፣ በ1931 «ቀዳማዊ አቶም» የሚለውን ሐሳብ አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1951 ጳጳሱ ፒየስ 12ኛ ይህ ግኝት ለፍጥረት ምስክር ነው የሚል ንግግር ሲያደርጉ ቅር ያለው ራሱ ለሜትር ነበር። የፊዚክስ ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ እምነትን በእሱ ላይ የቸነከረ ሰው ሐሳቡ ሲነቀል እምነቱም አብሮ ይነቀልበታል። ይህንን ለአማኞቹ ተማሪዎች ሳይነግሩ እንዳያልፉ፣ መምህር።

ፊዚክሱ የሚለው ይህን ያህል ነው፦ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ የጋለና የታመቀ ነበር። ከዚያ የቀረው ጨረር፣ ከፍጹም ዜሮ 2.7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1965 በፔንዚያስና በዊልሰን አንቴና ተያዘ። ወደ ኋላ እየሄድን ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 42 ዜሮ ተደርድሮ 1 የሚመጣበት የሴኮንድ ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ የአንስታይን የስበት ቀመርና የኳንተም ፊዚክስ (የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ) አይስማሙም፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስኬድ የተረጋገጠ ቀመር የለንም። «ከምንም ተነሣ» ብሎ የለካ ሰው የለም። «መነሻ ያለው ሁሉ አስነሺ አለው» የሚለው የኢማም አል-ገዛሊ ሙግት ጠንካራ ሙግት ነው፣ ግን የፍልስፍና ሙግት ነው። ቴሌስኮፕ ለመጀመሪያው ግማሽ ትንሽ ሊያግዘው ይችላል፤ «ሁሉ አስነሺ አለው» የሚለውን ግማሽ ግን ቴሌስኮፕ አያሳይም።

ከሁሉ የሚከፋው ሳይንስ ያላወቀውን ቦታ ሁሉ ፈጣሪን ማስገባት ነው። ኒውተን የፕላኔቶቹ ምሕዋር እየተዛባ ስለሚሄድ ፈጣሪ አልፎ አልፎ ያስተካክለዋል ብሎ ያስብ ነበር። ከመቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ሲያልፍ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርን መዛባት በ900 ዓመት ገደማ ዞሮ የሚመለስ መሆኑን በስሌት አሳየ። ክፍተቱ ሲደፈን እዚያ የተቀመጠው ፈጣሪም አብሮ የተባረረ መሰለ፤ ጥፋቱ ግን የአስቀማጩ ነበር። የእኛ ሊቃውንት በዚህ ረገድ የተሻለ ልማድ አላቸው። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ መሪጌታ በ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመርና በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ፋሲካን ሲያወጣ ቁጥሩ ስለተገኘ ፈጣሪ ወጣ አይልም። ዕብራውያን 11፥3ም ዓለሞች በእግዚአብሔር ቃል እንደ ተዘጋጁ «በእምነት እናስተውላለን» ነው የሚለው።

እታለም ዘወልድያ፦
ጸሎት ተፈትኗል፣ መምህር። ትልቁ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው፤ በአሜሪካ 6 ሆስፒታሎች የልብ ደም ሥር ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው 1,802 ሕሙማን ነበሩበት። በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። 604ቱ ተጸለየላቸው፣ 597ቱ አልተጸለየላቸውም፤ ሁለቱም «ሊጸለይላችሁም ላይጸለይላችሁም ይችላል» ተብለው ነበር። 601ዱ ደግሞ እንደሚጸለይላቸው ተነግሯቸው ተጸለየላቸው። የጸሎት ቡድኖቹ የሕመምተኛውን ስምና የቤተሰብ ስሙን መጀመሪያ ፊደል ብቻ ይዘው ከቀዶ ጥገናው ዋዜማ ጀምሮ ለ14 ቀን ጸለዩ። ውጤቱ፦ በ30 ቀን ውስጥ የጤና መወሳሰብ የገጠማቸው ከመጀመሪያው ቡድን 52 በመቶ፣ ከሁለተኛው 51 በመቶ፣ መጸለዩን ካወቁት 59 በመቶ።

ሰው ይህን ይዞ «ጸሎት አይሠራም ተባለ» ይላል። ተማሪዎቹ ቀዳዳውን ራሳቸው ይፈልጉት። አንዱ ማነጻጸሪያው ቡድን ነው። «ያልተጸለየላቸው» የተባሉት እናት የላቸውም? ጎረቤት የለም? ማንም ሐኪም የቤተሰብን ጸሎት ሊከለክል አይችልም፤ ስለዚህ ሙከራው የለካው የማያውቁት ሰው የጨመረውን ጸሎት እንጂ ጸሎትን አይደለም። ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። በየቡድኑ 600 ሰው ሲኖር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ወደ 6 በመቶ ነጥብ ሊወዛወዝ ይችላል፤ እውነተኛው ልዩነት 2 ወይም 3 ቢሆን ይህ ሙከራ አያየውም። 59 በመቶው ደግሞ ምናልባት ጭንቀት ነው («ጸሎት እስኪያስፈልገኝ ድረስ ታምሜአለሁ እንዴ?»)፣ ምናልባትም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ከዚህ ውይይት ማንም ልጅ «ስለዚህ ጠበሉ ይበቃል» ወይም «ዱዓው ይበቃል» ብሎ እንዳይወጣ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን በሰዓቱ ይዋጥ። ይህ በደንብ ተፈትኖ የታወቀ ነገር ነው።

ሐርቡ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። የዝናቡን ጉዳይ በቁጥር እንየው። በሐምሌ ከ10 ቀን በ6ቱ ይዘንባል እንበል፤ ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል ነው፣ እውነተኛውን ከሜትሮሎጂ መዝገብ ያውጡ። ዛሬ ዱዓ ተደርጎ በ5 ቀን ውስጥ አንዴም ያለመዝነብ ዕድሉ 0.4 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.01 ገደማ ነው። ማለት ዱዓ ባይደረግም እንኳ ከ100 ጊዜ 99ኙ ይዘንባል። በዚያ ላይ ምህላም ሆነ ሰላተል ኢስቲስቃ (የዝናብ ልመና ሰላት) የሚያዘው ድርቁ ሲብስ ነው፤ የባሰ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ልማዱ ይመለሳል። የተሰማው ሲወራ ያልተሰማው ይረሳል። በ1966ም በ1977ም ወሎ እጁን ዘርግቶ ለምኗል፤ ሰማዩ ግን ተዘግቶ ነበር የከረመው። ለዝናብ ማስረጃ የሚቆጥር ሰው እነዚያንም ዓመታት መቁጠር አለበት። እነሱን ይዞ «ፈጣሪ የለም» የሚለውም ያው ስሕተት ነው የሚሠራው። አማኝ የሚለምነው ቧንቧ ሊከፍት አይደለም፤ ባሪያ ጌታውን ይለምናል፣ ጌታው የሻውን ያደርጋል።

ለሙስሊም ተማሪዎች ደግሞ ይህን ያንሱላቸው። የነቢዩ ﷺ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የሥነ ፈለክ ስሌት ቀኑን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 ያደርገዋል። ሰዉ «ለኢብራሂም ሞት ነው» አለ። ለሃይማኖቱ ከዚያ የሚበልጥ «ማስረጃ» የት ይገኛል? ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ ነግረው ወደ ሰላት አዘዙ። የማይገባ ማስረጃ ለእምነት ቢጠቅም እንኳ እንዳይወሰድ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላውቅም። ቁርኣንም አማኞችን የሚገልጻቸው «በሩቁ ነገር የሚያምኑ» ብሎ ነው። ሩቁ በሚዛን ተመዝኖ ካለቀ ሩቅነቱ ቀረ።

ጦሳ ሥር፦
ቦርከና ወንድምዓለም፣ «በጥቅሉ ከሙከራ ውጭ ነው» ያልከው ላይ አልስማማም። እኔ አማኝ አይደለሁም፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ማንኛውም ውጤት የሚስማማው አባባል በነፃ አያልፍም። አንዱ «ነገ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይዘንባል» አለ፣ ሌላው «ሲፈልግ ይዘንባል» አለ። ዝናቡ በ6 ተኩል ከመጣ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የምናምነው ግን የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም ደፍሮ ተናግሯል። ሁሉን ቻይና ደግ ፈጣሪ አለ ሲባል ደግሞ አንድ ነገር ይጠበቃል፦ በረሃብ የሚያልቅ ሕፃን አይኖርም። ኖሯል። ይህ ማፍረሻ አይደለም፣ ግን ሚዛኑ ላይ ክብደት አለው።

ቦርከና፦
እውነትህን ነው፣ ጦሳ ሥር፤ «ክብደት የለውም» ማለቴ ከሆነ አጥፍቻለሁ። ግን ክብደቱ የት ሄዶ እንደሚያርፍ በቁጥር ተመልከተው። አንድ ማስረጃ ከሁለቱ ሐሳቦች አንዱን በ10 እጥፍ ይደግፋል እንበል። ቀድሞውኑ እኩል ለእኩል ያስብ የነበረ ሰው 10 ለ1 ይደርሳል፣ 91 በመቶ ገደማ። ቀድሞ 1 ለ1,000 ያስብ የነበረው 10 ለ1,000 ይደርሳል፣ 1 በመቶ ገደማ። ማስረጃው አንድ ነው፣ ስሌቱም ትክክል ነው፣ ሰዎቹ ግን አልተገናኙም። መነሻውን ቁጥር የሚሰጥ ሙከራ የለም። የሕፃኑ ሞት ላይም ጭቅጭቁ «ደግ ፈጣሪ ይህን ለምን ይፈቅዳል?» የሚለው ላይ ነው፤ ያ ጥያቄ ደግሞ የላቦራቶሪ አይደለም፣ የአንድምታና የተፍሲር፣ የፍልስፍናም ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያንተ ድምፅ እኩል ይሰማ ነው የምለው።

መምህር ከደሴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ በ40 ደቂቃ ማስገባት አልችልም። በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር ብትጠቁሙኝ?

እታለም ዘወልድያ፦
ሳንቲም በቂ ነው፣ መምህር። በመጀመሪያ 10 ደቂቃ የቦርከናን ግርዶሽ ይንገሩና «ምን ብናይ እንሳሳታለን?» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ይተዉት። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ብር ሳንቲም 5 ጊዜ ይወርውር፤ ከመወርወሩ በፊት ግን «አንበሳ ይውጣልኝ» ብሎ በልቡ ይመኝ። 64 ተማሪ ካለ 5ቱንም ጊዜ አንበሳ የሚወጣላቸው በአማካይ 2 ናቸው፣ ቢያንስ አንድ የመገኘቱ ዕድል 87 በመቶ ነው። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ ውርወራውን ወደ 4 ይቀንሱት፤ ያኔ ከየ16ቱ አንዱ ነው።

የወጣላቸውን ልጆች ወደ ፊት ያውጧቸውና «ምኞታቸው ተሰማ?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ከሳቁ በኋላ የወጣላቸው ብቻ እንደገና 5 ጊዜ ይወርውሩ። ብዙውን ጊዜ እዚያው ይወድቃል። አልፎ አልፎ ሁለተኛም የሚወጣለት ልጅ ይገኛል፣ ከ32 አንዱ፤ ያኔ አይደንግጡ፣ ሦስተኛም ያስወርውሩት። ከመጀመሪያው የሁሉንም ውጤት ሰሌዳ ላይ ማስፈር እንዳይረሱ፤ ያልወጣላቸው ካልተጻፉ ሙከራው ዋጋ የለውም። የቀረውን 15 ደቂቃ ለጦሳ ሥርና ለሐርቡ ጥያቄ ይተዉላቸው፣ መጀመሪያ ግን አናምንም የሚሉት ልጆች ይናገሩ፤ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በኋላ ዕድል አያገኙም።