ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በብስክሌት፦ ስለ ጂፒኤስና ስለ መንገድ ዕቅድ ምክር እሻለሁ

ጥያቄ (ከጅማ፣ ሄርማታ)

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በመጪው ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከጅማ ተነሥተን በሰኮሩና በወልቂጤ በኩል እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በብስክሌት ለመጓዝ ወስነናል። ሦስታችንም በከተማውና በዙሪያው ባለው ገጠር ብዙ ነድተናል፤ ከአንድ ቀን በላይ የሚወስድ ጉዞ ግን አድርገን አናውቅም።

ባለፈው ወር ለሙከራ ወደ አጋሮ ሄደን ነበር። ከከተማው እንደ ወጣን የስልኬ ካርታ ግራጫ ሆኖ ቀረ፤ ያለንበትን ቦታ የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብም ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ካርታው ሲመለስ ደግሞ ዋናውን አስፋልት ትተን በቡና ማሳ መካከል ወደሚገባ መንገድ እንድንታጠፍ ነገረን። አምነነው ገባን፤ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ የእግር መንገድ ሆነ፤ ብስክሌቶቻችንን ተሸክመን አንድ ጅረት ከተሻገርን በኋላ ያገኘናቸው አባት ናቸው ወደ አስፋልቱ የመለሱን። አጋሮ ስንደርስ ባትሪው 8 በመቶ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የሄድነው ግን ከ45 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ የጂፒኤስ መሣሪያ ገንዘብ አዋጥተን መግዛት ይኖርብናል ወይስ ስልክ ይበቃናል? መተግበሪያው ጥሩ አስፋልት እያለ ለምን ወደ እግር መንገድ መራን? ጉዞውንስ በስንት ቀን ብንከፍለው ይሻላል? ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር፣ ወልቂጤ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ እስከ ወልቂጤ ያለው መንገድ ከሞላ ጎደል ሜዳ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ እባካችሁ አርሙኝ።

መልስ (ከፈረንጅ አራዳ፣ ስልክ ጠጋኝ)

ወንድሜ፣ ስልክ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ ከስልኩ ልጀምር። በደረሰባችሁ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ለዚህ ኔትወርክም ሆነ ዳታ አያስፈልገውም፤ ሲም ካርድ የሌለው ስልክ እንኳ ቦታውን ያውቃል። ከእናንተ የጠፋው ካርታው ነው፤ የተጠቀማችሁበት ካርታ በሄዳችሁ ቁጥር ከኢንተርኔት እየተቀዳ የሚታይ ዓይነት ስለነበረ ዳታው ሲቋረጥ አብሮ ተቋረጠ።

ነጥቧ ቆማ የቀረችበት ምክንያት ሌላ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይዞራሉ፤ ስልኩ ቦታውን በትክክል ለማስላት ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ይፈልጋል፤ ሦስቱ ለቦታው ሲሆኑ አራተኛው የስልኩን የራሱን ሰዓት ስሕተት ለማረም ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ የሚገልጸውን መረጃ ስልኩ ኔትወርክ ሲኖር ወዲያውኑ ከኢንተርኔት ያገኘዋል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ከራሱ ከሳተላይቱ መቀበል አለበት። ሳተላይቱ ይህን መረጃ የሚልከው በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ በመሆኑ ሳይቆራረጥ ለመቀበል ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በቡና ጥላ ዛፎች ሥር እየነዳችሁ ምልክቱ በተቆራረጠ ቁጥር ደግሞ ጥበቃው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሰማይ በሚታይበት ግልጽ ቦታ ቆማችሁ ነጥቧ እስክትረጋ ጠብቁ።

ለካርታው ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን መተግበሪያ ጭናችሁ የኢትዮጵያን ካርታ አስቀድማችሁ በዋይፋይ አውርዱ። ከዚያ ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በጣታችሁ እየገፋችሁ እስከ መጨረሻው ተመልከቱት፤ በየትኛውም ቦታ ካልጠፋ ካርታው በእርግጥ በስልኩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ፈተና ሳታደርጉ እንዳትነሡ አደራ እላለሁ።

ባትሪን ከምንም በላይ የሚጨርሰው ስክሪኑ ነው። ስክሪኑን አጥፍታችሁ መታጠፊያዎችን በድምፅ እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ ኔትወርክ በሌለበት አካባቢም ስልኩ ኔትወርክ እየፈለገ ኃይል እንዳያባክን የአውሮፕላን ሁኔታው ላይ ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ የቦታ አገልግሎቱ መብራቱን ብቻ አረጋግጡ። ፓወር ባንክ ስትገዙ በላዩ የተጻፈው 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሙሉ በሙሉ ስልካችሁ ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ ቮልቴጁ ሲቀየር የሚባክን ስላለ 5,000 የሚይዝ ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ቢሞላላችሁ ነው። በእኔ ግምት ለአራት ቀን ጉዞ ስልክና ሁለት ፓወር ባንክ ይበቃችኋል፤ የብስክሌት ጂፒኤስ መግዛት ግዴታ አይደለም።

መልስ (የጂኦግራፊ መምህርት፣ ከቆጪ)

በመሣሪያው ጉዳይ ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ «ሜዳ ይመስለኛል» የሚለው አነጋገርዎ ነው። የመነሻና የመድረሻ ከፍታን ብቻ ማነጻጸር በመካከል ያለውን ይደብቃል። ሰኮሩ ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ ወልቂጤም እንደዚሁ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን የጊቤ ወንዝ ሸለቆ አለ፤ ድልድዩ የሚገኘው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 800 ሜትር ያህል ወርደው ያንኑ ያህል መልሰው ይወጣሉ ማለት ነው። ከድልድዩ እስከ ወልቂጤ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በርቀቱ ሲታይ የአንድ ጥዋት መንገድ ይመስላል፤ በዳገቱ ሲታይ ግን የጉዞው ሁሉ ዋና ፈተና እርሱ ነው። ስለዚህ መንገድ ሲያቅዱ ከድምር ርቀቱ ይልቅ የከፍታውን ሥዕል፣ ማለትም መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየውን ቅርጽ፣ ረጋ ብለው ያጥኑት።

መተግበሪያው ወደ እግር መንገድ የመራዎት ስለ ተበላሸ አይደለም። እነዚህ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙት ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ካርታ ነው። «ብስክሌት» የሚለውን ምርጫ ሲጫኑ ፕሮግራሙ ብስክሌተኛን ከከባድ መኪና ለማራቅ ከዋና አውራ ጎዳናዎች ይሸሻል። ይህ አሠራር በየመንደሩ የተነጠፈ መንገድ ላለበት አገር ያገለግላል፤ በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ያለው አስፋልት ያ አውራ ጎዳና ራሱ ነው። በዚያ ላይ የገጠር መንገዶቻችን ብዙዎቹ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ የተሣሉ በመሆናቸው ጠጠር ይሁኑ፣ ጭቃ ይሁኑ፣ የከብት መሄጃ ይሁኑ በካርታው ላይ አልተመዘገበም፤ ፕሮግራሙም መስመር ስላየ ብቻ ይነዳባቸዋል ብሎ ያስባል። በዚህ ጉዞ «መኪና» የሚለውን ምርጫ ይጠቀሙ፤ ከዚያም ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ደነባን፣ ሰኮሩን፣ ወልቂጤን፣ ወሊሶንና ቱሉ ቦሎን በተራ እንደ ማለፊያ ነጥብ ያስገቡ።

የቦታ ስም ሲፈልጉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የከተሞቻችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አይደለም፤ ሰኮሩን አንዱ በ«ኤ» ሌላው በ«ኦ» ይጽፋታል፤ ፍለጋው ባዶ ቢመጣ ከተማዋ ካርታው ላይ የለችም ብለው አይደምድሙ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አጻጻፍ ይሞክሩ።

መልስ (ከጅሬን፣ የዕድሜ ባለጸጋ ብስክሌተኛ)

ልጆቼ፣ ይህን መንገድ በወጣትነቴም ካደግሁ በኋላም ነድቼዋለሁ። የመምህርቷን ቃል በእግሬ አውቀዋለሁና የቀኑን አከፋፈል በጊቤ ዙሪያ አድርጉት። መጀመሪያ ቀን ከጅማ ሰኮሩ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለተኛው ቀን ከሰኮሩ ወልቂጤ፣ 95 ያህል። በሦስተኛው ቀን ወሊሶን አልፋችሁ ቱሉ ቦሎ እደሩ፤ የቀረው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ለአራተኛው ቀን ይሁን። ከወልቂጤ አዲስ አበባ በአንድ ቀን እንገባለን ብላችሁ አትነሡ፤ ሁለተኛው ቀን ጉልበታችሁን ጨርሶት ታድራላችሁ።

ከሰኮሩ ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ከሸለቆው በታች ያለው ሙቀት የጅማን አየር ለለመደ ሰው ከባድ ነው፤ ዳገቱን በጥዋቱ ሰዓት መጀመር አለባችሁ። እኩለ ቀን ላይ ድልድዩ ጋ ከደረሳችሁ ግን አትሟገቱት፤ ጥላ ፈልጋችሁ እስከ 9 ሰዓት ዕረፉ። ውኃ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ቢያንስ ሦስት ሊትር ያዙ። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ፍሬን ያለማቋረጥ ይዛችሁ አትቆዩ፤ እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ውረዱ፤ ከኋላችሁ ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ ሲመጣ ጥጋችሁን ያዙና አሳልፉት። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያና ፓምፕ አይለያችሁ፤ በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ በከተሞቹ መካከል ግን ራሳችሁ ናችሁ።

ሰዓቱንም ልንገራችሁ፤ እኔን አንድ ጊዜ ሊያሳስተኝ የነበረ ነገር ነው። መሣሪያው ስለ ፀሐይ መጥለቂያ የሚነግራችሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። በጥቅምት ጅማ ላይ 18፡12 ቢላችሁ በእኛ ማታ 12፡12 ማለት ነው፤ ስድስት ሰዓት ቀንሱ። ዘወትር ከመጥለቂያው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ማደሪያችሁ ግቡ።

ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ የገቡትን ሾፌሮች ጠይቁ። የመንገዱን ሰላም፣ የፈረሰ ቦታ መኖሩን፣ ጥገና የሚካሄድበትን ስፍራ ከእነርሱ በተሻለ የሚነግራችሁ ካርታ የለም።

መልስ (የቅየሳ ባለሙያ)

በአንድ ነጥብ ከስልክ ጠጋኙ ወንድማችን ጋር አልስማማም። ሦስታችሁም በስልክ ብቻ የምትጓዙ ከሆነ አንድ ዝናብ ወይም አንድ መውደቅ መሪያችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስክሪን ያለው የብስክሌት ጂፒኤስ ዋጋው ከአንድ ጥሩ ስልክ አይተናነስምና ግዙ አልልም፤ ነገር ግን እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ 20 ያለ አሮጌ የእጅ ጂፒኤስ ለመስክ ሥራ ከሚጠቀም ሰው በውሰት ብታገኙ መልካም ነው። የሚሠራው የግድግዳ ሰዓት በሚወስዳቸው ዓይነት ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነው፤ አምራቹ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል ይላል፤ ድንጋዩን ደግሞ በየትኛውም ሱቅ ታገኙታላችሁ።

መንገዱን በጂፒኤክስ ፋይል (የጉዞ መስመርን ይዞ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በሚተላለፍ የፋይል ዓይነት) ስታስቀምጡ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ይይዝና በመካከላቸው ያለውን መንገድ መሣሪያው ራሱ ያሰላል፤ ሁለተኛው ግን እያንዳንዱን ኩርባ የያዘ የተሣለ ዱካ ነው። ሁለተኛውን ምረጡ። መጀመሪያው ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲዛወር እንደገና ስለሚሰላ የእናንተ ሦስት ስልኮች ሦስት የተለያየ መንገድ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ዱካው ግን የትም ቢጫን አይለወጥም። መምህርቷ እንዳሉት አስፋልቱን ተከትላችሁ በቤት ውስጥ አዘጋጁት፤ ያንኑ አንድ ፋይል በሦስቱም ስልክ ላይ ጫኑ።

የቦታ ልኬት በቁጥር ስትቀባበሉም ተጠንቀቁ። ጅማ በሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ ትገኛለች፤ ይህ በአስርዮሽ ሲጻፍ 7.67 ነው። ደቂቃውን እንዳለ ወስዶ 7.40 ብሎ ያስገባ ሰው ነጥቡን ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያሸሸዋል። ይህ ስሕተት በሥራ ላይ ደጋግሞ ሲፈጸም አይቻለሁ።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቀኑን አከፋፈል እንዳሉን እንቀበላለን። መምህርት፣ የከፍታውን ሥዕል ዛሬ በሁለት መተግበሪያ አወጣሁት፤ ቅርጹ ተመሳሳይ ነው፤ ጊቤም እንደተናገሩት ጎድጉዶ ይታያል። ነገር ግን የዳገቱን ጠቅላላ ድምር አንደኛው ከሌላኛው በብዙ መቶ ሜትር አብልጦ ይነግረኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ (የጂኦግራፊ መምህርት)

ድምሩን የትኛውንም ሙሉ በሙሉ አይመኑ፤ ቅርጹን ይመኑ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የከፍታ መረጃ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካችው የመጣ ነው፤ አንዱ የልኬት ነጥብ ከሌላው 30 ወይም 90 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት ደግሞ ራዳሩ መሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፎቹ አናት የቀረበውን ይለካል። መንገዱ በተራራ ወገብ ላይ ተቆርጦ ሲያልፍ አንዱ ነጥብ ከመንገዱ በላይ ካለው ገደል፣ ቀጣዩ ከታች ካለው ስለሚወሰድ በእውነት የሌሉ ትንንሽ ዳገቶች ይፈጠራሉ፤ አንዱ መተግበሪያ እነዚህን አለስልሶ ይተዋቸዋል፤ ሌላው ሁሉንም ይደምራቸዋል። እንደ ጊቤ ያለው 800 ሜትር ግን በማንኛውም መረጃ ላይ አይጠፋም፤ ዕቅድዎን በእርሱ ላይ ይመሥርቱ። የሚዋሱት መሣሪያ የአየር ግፊት መለኪያ ካለው ጥዋት ጥዋት ከመነሣትዎ በፊት የከተማውን የታወቀ ከፍታ ያስገቡለት፤ ግፊቱ ከአየሩ ሁኔታ ጋር ስለሚለዋወጥ ሳያስተካክሉት ቢተዉት በቆሙበት ከፍ ዝቅ ያለ ያስመስለዋል።

ከጠያቂው

ግልጽ ሆኖልኛል። ዱካውን በዚህ ሳምንት አዘጋጅቼ በሦስቱም ስልክ ላይ እጭናለሁ፤ ኢትሬክስ የሚያውሰን ሰውም አግኝተናል። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉንም ነገር በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርገን ወደ ሰርቦ ሄደን እንመለሳለን፤ የባትሪውን ፍጆታ በየሰዓቱ መዝግቤ ውጤቱን እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።